ቤተ መቅደስ በሰው አገር

ሸጎሌ ስሙን የወረሰው ከቤኒሻንጉሉ ሹም ከሼህ ኦጀሌ አል ሐሰን ነው። ራስ መኮንን በ1890 ዓ.ም. ግድም ወደዚያ ከዘመቱ በኋላ ሼሁ አዲስ አበባ መጥተው ተቀመጡ። ያሠሩት ባለ ሰገነት ቤትም ለጉለሌ ቅርስ ሆኖ ቀረ። ዛሬ ሰፈሩን ሰው የሚያውቀው በከብት ገበያውና በአውቶቡስ ዴፖው ነው።

ከዚህ በታች የሚነጋገሩት ሁለት የሸጎሌ ጎረቤታሞች ናቸው። አንደኛው ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው። ሁለተኛዋ ለንደን ተምራና ሠርታ የተመለሰች አርክቴክት ናት።

አርክቴክቷ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ተጠይቄ መልሱ አልመጣልኝም። እርስዎን ህንድ አስተምሮዎታልና ይርዱኝ። አብሮኝ የሚሠራ ህንዳዊ መሐንዲስ አለ፤ ሚስቱና ልጆቹም እዚሁ ናቸው። "የምንጸልይበትስ አለን። ልጆቻችን ወደው የሚመጡበት፣ የአገሩም ሰው ሳይሳቀቅ የሚገባበት ቤተ መቅደስ እንሥራ ብንል ግን ከምን እንጀምር?" አለኝ።

መምህሩ፦ አንቺስ ምን አልሽው?

አርክቴክቷ፦ ከጉልላቱ አትጀምሩ አልኩት። ከዚያ ወዲያ አልሄደልኝም።

መምህሩ፦ እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለኝ። የተዋሕዶ ልጅ ነኝ። ሰው በምስል ፊት ሲሰግድ ማየት ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም፤ ላንቺም አይመስለኝም። ይህን አለባብሰን ካለፍን ወሬያችን እውነት አይሆንም።

አርክቴክቷ፦ አላለባብስም፤ እኔም ማተቤን አልበጠስኩም። ግን ለንደን ሳለሁ የማስቀድሰው ባተርሲ ባለው የማርያም ቤተ ክርስቲያናችን ነበር። ሕንጻው ቀድሞ የእንግሊዞቹ የቅዱስ ፊልጶስ ቤተ ክርስቲያን ነው። በእነሱ መስኮት ብርሃን ከበሮ እየመታን፣ ነጠላችንን አጣፍተን ቆመን፣ ጎረቤቱ አንድ ቀን "ይሄ የምን አምልኮ ነው?" ብሎ አልመጣብንም።

መምህሩ፦ እነሱም ክርስቲያኖች ናቸዋ። ክርስቲያን ለክርስቲያን ቤቱን ቢለቅ ምን ይገርማል?

አርክቴክቷ፦ የህንዶቹም ታሪክ ከዚያው ነው የሚነሣው። ስዋሚናራያን የሚባለው የሂንዱ ወገን ምእመናን እ.ኤ.አ. በ1970 ለንደን ላይ መጀመሪያ የከፈቱት ቤተ መቅደስ ኢዝሊንግተን ውስጥ አገልግሎት ያቆመ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ኒው ዮርክ ፍለሺንግ ያለው ዝነኛው የጋኔሽ ቤተ መቅደስም ቀድሞ የሩሲያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በነበረበት ቦታ ላይ ነው የቆመው። ማኅበሩ በ1970 ተመዘገበ፣ ቤተ መቅደሱ በ1977 ተመረቀ። ክርስቲያኖቹ ባይለቁላቸው ኖሮ ዓለም ዛሬ የሚጎበኛቸው እነዚህ ቤቶች መነሻ አይኖራቸውም ነበር።

መምህሩ፦ እሺ፣ ይህን ያዝኩልሽ። እኔም የማውቀውን ልንገርሽ። ጂኦሜትሪ ያስተማሩኝ ህንዳዊ ነበሩ። በጃንሆይ ጊዜ የህንድ መምህር ያልደረሰበት አውራጃ የለም ማለት ይቻላል። ብዙዎቹ ከኬራላ የመጡ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ የእኔ መምህር ግን ሂንዱ ናቸው። የተከራዩት ደግሞ ከእኛ ግቢ አንዷን ክፍል ነበር። ግድግዳው ላይ ትንሽ መደርደሪያ ሰቅለዋል። በላይዋ መስታወት የገባ ሥዕል፣ ከፊቱ በናስ ኩባያ ውሃ፣ ከጎኑ ጠዋት ጠዋት የሚለወጥ አበባ። አበባውን ከአጥራችን ነበር የሚለቅሙት። ኋላ ኋላ እናቴ ራሷ ጽጌረዳ እየቆረጠች በራቸው ላይ ታስቀምጥላቸው ጀመር። ሥጋ ስለማይቀምሱ ዓመቱን ሙሉ የሚጾሙ ባሕታዊ መስለዋት ሽሮና ምስር ስታደርስላቸው ኖረች።

አርክቴክቷ፦ እናትዎ አበባ በማቀበላቸው ሃይማኖታቸው ተናወጠ?

መምህሩ፦ ምን በወጣው! ረቡዕና ዓርብን ሳትሽር ነው ያረፈችው። የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ሰውዬው አብሯቸው የሚጸልይ ሰው አልነበራቸውም። በዓላቸው መጥቶ ሲያልፍ እኛ አናውቅም፣ እሳቸውም አይነግሩንም። ያች መደርደሪያ ለአንድ ሰው ትበቃለች። ልጅ ማሳደጊያ ግን አትሆንም።

አርክቴክቷ፦ ጋሼ፣ ባልደረባዬ የሚለው ይህንኑ ነው! እናት አባት እምነቱን ይዘው መጥተዋል፤ መደርደሪያም ይበቃቸዋል። እዚህ የተወለደው ልጅ ግን እምነቱን የሚያየው በእናቱ ጓዳ ብቻ ከሆነ፣ አድጎ ከቤት ሲወጣ እዚያው ጓዳ ትቶት ይወጣል።

መምህሩ፦ የእኛም ልጆች ዋሽንግተንና ሚኒሶታ እንዲያ ናቸው ይሉኛል። ቅዳሴው በግዕዝ፣ ስብከቱ በአማርኛ፣ ልጁ የሚያስበው በእንግሊዝኛ።

አርክቴክቷ፦ አዎ። የህንዶቹም ጸሎት በሳንስክሪት ነው፤ እናት በጉጅራቲ ወይም በታሚል ታስረዳለች፤ ልጁ በአገሩ ቋንቋ ይመልሳል። ስለዚህ ለንደንም ኒው ዮርክም ቤተ መቅደሱ የቋንቋ ክፍል፣ የሙዚቃና የጭፈራ ክፍል አብሮት አለ። እኔ ብጠየቅ ንድፉ ላይ መጀመሪያ የማሰምረው የልጆቹን ክፍል ነው። ምሥራቅ ፊት፣ ብርሃን የሚገባው ይሁን። ምድር ቤት ጨለማ ውስጥ የሚከተት የሰንበት ትምህርት ቤት በራሳችንም አብያተ ክርስቲያናት አይቻለሁ፤ ልጅ እንደ ዕቃ የተቀመጠበትን ቦታ አይወድም።

መምህሩ፦ ለመሆኑ የለንደኑ ያ ነጩ ቤተ መቅደስ፣ በቴሌቪዥን የሚታየው፣ እንዴት ተሠራ? ሀብታም ነጋዴ ሠርቶ ሰጣቸው?

አርክቴክቷ፦ ኒስደን ያለውን ነው የሚሉት። በነሐሴ 1995 እ.ኤ.አ. ነው የተመረቀው። ከምእመናኑ ብዙዎቹ ከእኛው ከምሥራቅ አፍሪካ የተሰደዱ ናቸው። ኢዲ አሚን በ1972 የእስያ ተወላጆች በ90 ቀን ውስጥ ዩጋንዳን ለቅቀው ይውጡ ሲል ከ27,000 በላይ የሚሆኑት እንግሊዝ ገቡ። ከኬንያና ከታንዛኒያም የመጡ አሉ። ሱቃቸውን ጥለው ባዶ እጃቸውን የመጡ ሰዎች ናቸው። ልጆቹ ለሕንጻው መዋጮ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ እየሰበሰቡ ይሸጡ ነበር። የኖራ ድንጋዩ ከቡልጋሪያ 2,828 ቶን፣ እብነ በረዱ ከጣሊያን ካራራ 2,000 ቶን ተገዛ። ሁሉም በመርከብ ህንድ ሄዶ ተጠረበና 26,300 ቁራጭ ሆኖ፣ እያንዳንዱ ቁጥር ተጽፎበት ለንደን ተመለሰ። ከዚያ ቁጥሩን እየተከተሉ ገጣጠሙት። ብረት የለበትም፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ነው የቆመው።

መምህሩ፦ ቁጥር ተጽፎበት! እንዲህ ያለ ሥራ ለሂሳብ መምህር ደስታ ነው። አዲስ አበባም እንዲህ ይሠራ ልትይ ነው?

አርክቴክቷ፦ አልልም። ለዚያ ሁሉ ድንጋይ ውቅያኖስ ማሻገር እዚህ አያስፈልግም። አገራችን ድንጋይ አላት። የአምቦ ድንጋይ አለ። የቤኒሻንጉል እብነ በረድ አለ፤ የሼህ ኦጀሌ አገር እብነ በረድ ማለቴ ነው። ጠራቢ ቢያስፈልግ ከጉጅራት ወይም ከራጃስታን ጥቂት ባለሙያዎች መጥተው ከእኛ ወጣቶች ጋር ቢሠሩ፣ ቤተ መቅደሱ ሲያልቅ ጥበቡ እዚህ ይቀራል። ህንዳዊ ግንበኛ ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም። በምኒልክ ዘመን ሐጂ ቀዋስና ዋሊ መሐመድ የሚባሉ ሙስሊም ህንዶች ለንጉሡ ሲሠሩ ነበር። በአሮጌዎቹ የመኳንንት ቤቶች ሰገነትና በተፈለፈለው እንጨት ላይ የእነሱ ዓይነት እጅ ይታያል። የሼህ ኦጀሌም ቤት የህንድ እጅ አለበት ይባላል።

መምህሩ፦ መሐመድ አሊ ቤትስ? ፒያሳ ሐርና ሸቀጡን ያመጣ የነበረው የህንዶች ኩባንያ። አባቴ ስለሱ ሲያወሩ ትዝ ይለኛል። ጣሊያን ገብቶ ዘጋው።

አርክቴክቷ፦ ከዚያም በፊት ምጽዋ ላይ ባንያን የሚባሉት ሂንዱ ነጋዴዎች ነበሩ። ግን ጋሼ፣ ይህ መንገድ ወዲያና ወዲህ ነው። እኛም ሄደናል። ጉጅራት አህመዳባድ መሐል የሲዲ ሰዒድ መስጊድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1573 ያሠራው ሐበሻ ነው። ከድንጋይ የተፈለፈለ መስኮት አለው። ዛፍ ነው፤ ቅርንጫፉ እርስ በርሱ ይጠላለፋል፤ ብርሃን በቅጠሎቹ መሐል ሾልኮ ይገባል። ያ መስኮት ዛሬ የከተማይቱ ምልክት ሆኗል። የአህመዳባድ የሥራ አመራር ተቋምም አርማውን የወሰደው ከዚያ ነው። ባሕር ተሻግሮ ለሄደ የሐበሻ ሰው የአምልኮ ቤት እንዲያንጽ ቦታ የሰጠች አገር ናት። ከዚያው ከጉጅራት የመጣ ቤተሰብ ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ቦታ ቢጠይቅ እንግዳ ነገር ነው?

መምህሩ፦ ይህን አላውቅም ነበር። ሐበሻ የሠራው መስኮት የህንዶች ከተማ ምልክት ሆነ! ልብ የሚነካ ነገር ነው። ቢሆንም ታሪክ ብቻውን ለሰፈር ሰው መልስ አይሆንም። "ለምን እኛ ሰፈር?" ብሎ የሚጠይቀው ሰው ስለ አህመዳባድ መስማት አይፈልግም። ስለ ጫጫታው፣ ስለ መኪና ማቆሚያው፣ ስለ ልጆቹ ነው የሚጠይቀው።

አርክቴክቷ፦ ልክ ነዎት። እንግዲህ እንደ ሰፈር ሰው ይጠይቁኝ።

መምህሩ፦ ሸጎሌ ላይ ይሁን ብትዪኝ መጀመሪያ የምነግርሽ የከብት ገበያውን ነው። ለእነሱ ላም ምን እንደሆነች መምህሬን አይቼ አውቃለሁ። ለፋሲካ ዋዜማ የሚነዳው ሰንጋ በበራቸው ሲያልፍ ያ ጸሎት አይሆንላቸውም። እኛም በሬያችንን ስንነዳ የሰው ስሜት እየረገጥን ማለፍ አንፈልግም። በአክብሮት ራቅ ማለት ለሁለታችንም ይሻላል።

አርክቴክቷ፦ እንዲህ ያለውን ነገር ማንም መሐንዲስ ከካርታ ላይ አያገኘውም። ስለዚህ ቦታ ከመጠየቃቸው በፊት የሰፈር ሽማግሌ ያማክሩ እላለሁ። ሌላስ?

መምህሩ፦ ጫማ። ያወልቃሉ አይደል?

አርክቴክቷ፦ እንደኛው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሂንዱውም በዚህ አንድ ነን። ጫማ የሚቀመጥበት ቦታ ግን ቀላል አድርገው ትተውት በኋላ የሚያለቅሱበት ነገር ነው። የጉለሌ ሐምሌ እንዴት እንደሆነ እናውቃለን፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። በዓል ቀን ብዙ ሰው ሲመጣ ጣሪያ ያለው ሰፊ መተላለፊያ፣ ቁጥር ያለው መደርደሪያ፣ አዛውንት ተቀምጠው የሚያወልቁበት አግዳሚ፣ ከዚያ እግር መታጠቢያ፣ ከዚያ የማያሟልጭ ወለል መከተል አለበት። እብነ በረድ በውሃ ሲርስ ሰው ይጥላል። እዚህ ላይ ገንዘብ ከሚቆጥቡ ጉልላቱን በአንድ ክንድ ቢያሳጥሩት እመርጣለሁ።

መምህሩ፦ ውስጡስ? ማንም ገብቶ እስከ ምስሉ ይደርሳል?

አርክቴክቷ፦ አይደርስም። ምስሉ ያለበት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚገባው ካህኑ ብቻ ነው። ምእመናኑ ከፊቱ ባለው አዳራሽ ይቆማሉ፤ ዙሪያውን ደግሞ በቀኝ በኩል ይዞራሉ። የእኛን ክብ ቤተ ክርስቲያን ያስቡት፤ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። የኢትዮጵያ ክርስቲያን እዚያ አዳራሽ ቢገባ ወዴት መቆም እንዳለበት እግሩ ያውቀዋል። እምነቱ ሌላ ነው፤ የተከለለውን ማክበር ግን ማንም አያስተምረንም።

መምህሩ፦ ይህ አነጋገርሽ ደስ አለኝ። የተለያየውን አንድ ነው አላልሽም። ከክፍለ አገር ክፍለ አገር አምላካቸው የተለያየ ነው ይባላልሳ? ጉጅራቱ አንድ፣ ታሚሉ አንድ ቢል ማን ይስማማል?

አርክቴክቷ፦ ዋናው ፈተና ይሄ ነው። ህንድ አገር አንድ ቤተ መቅደስ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ አምላክ ይሰጣል፤ ሌላ የሚፈልግ ጎን ያለው ይሄዳል። በስደት ግን ለሁሉም አንድ አንድ የሚሠራበት አቅም የለም። ካሊፎርኒያ ሊቨርሞር ላይ ያሉት ሺቫንና ቪሽኑን አንድ ጣሪያ ሥር አድርገው ቤተ መቅደሱንም በሁለቱ ስም ጠሩት። ፍለሺንግም ዋናው ጋኔሽ ሆኖ ሌሎችም በዙሪያው አሉ። አዲስ አበባ ላይ ከዚህ ሌላ መንገድ የለም ባይ ነኝ። የጉጅራቱ ብቻ፣ የደቡቡ ብቻ ብለው ከጀመሩ ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ይከፈላሉ።

መምህሩ፦ መከፈልንማ እኛ እናውቀዋለን። በውጭ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ለአገር ቤቱና ለስደተኛው ሲኖዶስ ተከፍለው፣ አንድ ከተማ ውስጥ ወንድም ከወንድሙ ሳያስቀድስ ስንት ዓመት ነጎደ! እርቁ የመጣው በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ ነው። ሲከፈሉ ልጅ የነበረው አድጎ ወልዷል። ህንዶቹ ከእኛ አንድ ነገር ቢማሩ ይህን ይማሩ። ኮሚቴያቸው ውስጥ ከየወገኑ ሰው ይግባ፣ ሂሳቡን ውጭ ያለ ኦዲተር ይየው፣ ሴቶችም ይኑሩበት። ገንዘብ የሚሰበስበውና ፊርማ ያለው አንድ ሰው ከሆነ ጠቡ ከመሠረቱ ጋር አብሮ ይቀበራል።

አርክቴክቷ፦ ወጣትም ይጨምሩበት፤ አማርኛ የሚናገር እዚህ ያደገ ወጣት። ካህኑ ከህንድ ነው የሚመጣው፤ አማርኛ አይችልም። ጎረቤት በር ላይ ቢመጣ የሚያናግረው ሰው ከሌለ "ክፍት ነን" የሚለው ጽሑፍ ብቻውን አያስገባም።

መምህሩ፦ ምግቡስ? መምህሬ በዓላቸው ሲሆን ጣፋጭ ያካፍሉን ነበር። ዘቢብና ካሽው ጣል ያለበት፣ ሴሞሊና ይመስለኛል።

አርክቴክቷ፦ ወጥ ቤቱ ለእኔ ከአዳራሹ አያንስም። ፍለሺንግ ምድር ቤት ያለው ካንቲን ዶሳ የሚባለውን የህንድ ምግብ ይሸጣል፤ ሃይማኖቱን የማያውቅ የኒው ዮርክ ሰው ሁሉ ይሰለፋል። ብዙ ጎረቤት ቤተ መቅደሱን ያወቀው በሆዱ በኩል ነው። እዚህ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ዕድል አለ። ምግባቸው ሥጋ የለበትም፤ የእኛ ሰው የዓመቱን ግማሽ ያህል ቀን የጾም ምግብ የሚፈልግ ሕዝብ ነው።

መምህሩ፦ ቆይ! ቅቤ ያደርጉበታል እኮ። ወተትም። ያ ጣፋጭ ንጥር ቅቤ እንዳለበት እናቴ በሽታው ነበር ያወቀችው፤ ዓርብ ቀን ቢሰጧት "ነገ እበላዋለሁ" ብላ ሸፍና አሳደረችው።

አርክቴክቷ፦ እውነትዎን ነው፤ ይሄ አምልጦኝ ነበር። እንግዲህ ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ በዘይት ይሥሩ፤ በሩ ላይም "የጾም" ብለው ይጻፉ። እንዲህ ያለች ነገር ለጎረቤት ከአንድ ሰዓት ንግግር የበለጠ ታስረዳለች። የበዓሉንም ነገር አስቀድመው ይንገሩን። የመብራት በዓላቸው ዲዋሊ ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ ነው የሚውለው፤ ርችት አለው። ሌሊት ሳይታሰብ ርችት ሲፈነዳ ሰው ይደነግጣል። ቀኑንና ሰዓቱን ለወረዳና ለጎረቤት አሳውቀው ቶሎ ይጨርሱ። የሚያበሩት መብራት ግን ለሁሉም ነው፤ ልጆች ወጥተው ይዩ።

መምህሩ፦ ልጆቻችንን እንዳይሰብኩብንስ? ይሄ ጥያቄ በሰፈሩ መነሣቱ አይቀርም፤ ብታልፊው ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው።

አርክቴክቷ፦ እኔም አላልፈውም። የሂንዱ እምነት በአብዛኛው ሰው ከሌላ ሃይማኖት ለማምጣት የሚዘምት እምነት አይደለም፤ የዲያስፖራ ቤተ መቅደስ ጭንቀቱ የራሱን ልጅ ማቆየት ነው። ቢሆንም ቃል ብቻ አይበቃም። ለጎረቤት ልጆች የሂሳብ ማጠናከሪያ ወይም የኮምፒዩተር ክፍል ቢከፍቱ፣ ጸሎት በሌለበት ክፍልና ሰዓት ይሁን፤ ወላጅ በፈለገው ጊዜ ገብቶ ይይ። የህንድ ማኅበረሰብ ያቋቋመው የህንድ ብሔራዊ ትምህርት ቤት እዚሁ አዲስ አበባ ኢትዮጵያውያን ልጆችን ሲያስተምር ኖሯል። በዚህ በኩል የሚታወቅ ሥራ አላቸው።

መምህሩ፦ የሌላ አገር መንግሥትስ ይህን እንዴት ነው የሚያየው? የሙስሊም አገር ላይ ሠርተዋል ሲባል ሰምቻለሁ።

አርክቴክቷ፦ አቡ ዳቢ። በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ተመረቀ። 27 ኤከር፣ ወደ 11 ሄክታር የሚሆነውን መሬት የሰጡት የአገሪቱ መሪ ሼህ መሐመድ ቢን ዛይድ ናቸው። ሰባት ጉልላት አለው፤ ለሰባቱ ኤሚሬቶች አንድ አንድ። የሥራው ክፍፍል ደግሞ ይገርማል። መሬቱ ከሙስሊም ገዢ ነው። ዋና አርክቴክቱ ካቶሊክ፣ የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ ሲክ፣ የመሠረቱ ንድፍ ባለሙያ ቡድሂስት፣ የግንባታ ድርጅቱ የፓርሲዎች፣ ዳይሬክተሩ ጄይን ናቸው። አገሩ ላይ ከህንዶቹ ጋር የኛም እህቶች በብዛት ይሠራሉ፤ እነሱም የሚያስቀድሱበት ቦታ ይፈልጋሉ። ናይሮቢም ከ1999 ጀምሮ በባህላዊው መንገድ የተሠራ የድንጋይ ቤተ መቅደስ አላት፤ አፍሪካ ውስጥ በዚያ ዓይነት የመጀመሪያው ነው።

መምህሩ፦ እንግዲህ ናይሮቢ ካላት አዲስ አበባ ምን ይከለክላታል? የአፍሪካ መዲና እንላለን። የአርመን ቅዱስ ጊዮርጊስ አለን፣ የግሪኮች ቤተ ክርስቲያን አለን። እዚሁ ጉለሌ ጴጥሮስ ወጳውሎስ መካነ መቃብር የስንት አገር ሰው ተቀብሯል! ሲሞት ቦታ የሰጠነው ሰው ሲኖር መጸለያ ቢጠይቅ መልሳችን ምን ይሆናል?

አርክቴክቷ፦ ሕጉም ከዚህ ጋር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ማንኛውም ሰው ብቻውንም ሆነ ከሌሎች ጋር እንዲያመልክ፣ አማኞችም የትምህርትና የአስተዳደር ተቋም እንዲያቋቁሙ ይፈቅዳል። የሊዝ አዋጁ 721/2004ም የአምልኮ ቦታን በምደባ ከሚሰጡት ዘርዝሮት ነበር። ምዝገባው ሰላም ሚኒስቴር ነው። ወረቀቱ ይደከምበታል እንጂ መንገዱ ዝግ አይደለም። እኔ ለባልደረባዬ የምመክረው መጀመሪያ መሬት እንዳይጠይቁ ነው። አዳራሽ ይከራዩ፤ ወጥ ቤት፣ የልጆች ክፍል፣ የጫማ ቦታ ያለው። ሁለት ሦስት ዓመት እዚያ ይኑሩ፣ ጎረቤት ያብሉ፣ ሂሳባቸውን ያሳዩ፣ እርስ በርስ መስማማታቸውን ይፈትኑ። ኢዝሊንግተንም በትንሹ ነበር የጀመሩት፤ ከአሮጌው ቤተ ክርስቲያን እስከ ጉልላቱ ሃያ አምስት ዓመት ሄዷል። ያልተፈተነ ኮሚቴ ትልቅ ሕንጻ ሲጀምር ድንጋዩ ተቆልሎ ይቀራል።

መምህሩ፦ እንዲህ ከሆነ እኔም የምለው አለኝ፤ ለባልደረባሽ ንገሪልኝ። ማመልከቻቸው ወረዳችን ቢመጣና የአካባቢው ነዋሪ አስተያየት ቢጠየቅ፣ እፈርማለሁ። እምነታቸውን ተቀብዬ አይደለም፤ እኔ በሃይማኖቴ እሞታለሁ። የምፈርመው ልጁን በእምነቱ ማሳደግ ለሚፈልግ አባት ነው። ሁለት ነገር ግን ጨምረው ይጻፉ። አንደኛ፣ ከከብት ገበያው የራቀ ቦታ ይጠይቁ። ሁለተኛ፣ ማመልከቻውን ለጽሕፈት ቤቱ ከማስገባታቸው በፊት ወደ እኛ ዕድር ይምጡና በአማርኛ ራሳቸው ያስረዱን። ሰው ስለ ጎረቤቱ ከማስታወቂያ ሰሌዳ መስማት የለበትም። ከመጡ እኔ ራሴ ለዳኛው ነግሬ ቀን አስይዝላቸዋለሁ።